የማዘር ቤት ኮንትራት ለኖን ካፌ ተማሪ ያዋጣል ወይ?

ሳላንዛዛ ልናገር፣ ኮንትራት፣ ማለትም የወሩን ምግብ ለምግብ ቤት ቀድሞ መክፈል፣ ያዋጣል። ግን ለሁሉም ሰው አይደለም። ለማን እንደሚያዋጣና ለማን እንደማያዋጣ በብር እያሰላሁ ነው የማሳያችሁ፤ ምክንያቱም "ምግቡ ይጣፍጣል፣ መስተንግዶው አሪፍ ነው" የሚል አስተያየት በ3 ሺህ ብር ወሩን ለሚገፋ ተማሪ ምንም አይጠቅመውም።

ምግብ ቤቱ ስም የለውም። በሩ ላይ የደበዘዘ የለስላሳ ማስታወቂያ አለ፣ በቃ። ከግቢያችን ሁለተኛ በር ወጥታችሁ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹን ስታልፉ፣ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ያለችው ሰማያዊ ቆርቆሮ አጥር ናት። ሁሉም ሰው "ማዘር ቤት" ነው የሚላት፤ ከፍሬሽማን እስከ ጂሲ (ተመራቂ)፣ አንዳንዴ ጥበቃዎቹም ጭምር። ውስጧ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ ፕላስቲክ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ አንድ ቴሌቪዥን አለ። ግድግዳው ላይ "ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሰጣል" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ቀልድ የመሰለው ሰው ሞክሮ ይየው።

ኖን ካፌ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንድ ሁለት ነገር ልበል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወይ ካፌ፣ ማለትም የግቢው መመገቢያ አዳራሽ፣ ትበላላችሁ፣ ወይ ኖን ካፌ ትሆኑና የምግባችሁን በጀት በብር ትቀበላላችሁ። ይህ በጀት ለብዙ ዓመት በቀን 15 ብር ነበር። ቀጥሎ 22 ብር ሆነ። ከ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ ደግሞ 100 ብር ገባ፣ በወር 3 ሺህ ማለት ነው። ታዲያ ብሩ አካውንት ውስጥ ሲገባ ብዙ ልጅ ስጦታ ይመስለዋል። አይደለም። የወጪ መጋራት ውል ስትፈርሙ ምግቡን በዓይነት ነው ወይስ በጥሬ ገንዘብ የምትወስዱት የሚል ቦታ ቅጹ ላይ አለ፤ ሁለቱም ዕዳ ነው፣ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ከወር ገቢያችሁ ቢያንስ 10 በመቶው እየተቆረጠ የሚከፈል። ከትምህርቱ ወጪ መንግሥት አብዛኛውን ሊሸፍንላችሁ ይችላል፣ የምግቡና የማደሪያው ግን ሙሉው ነው የሚጻፍባችሁ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በርገር የተበላበት ብር የወደፊት ደመወዛችሁ ነው። ይህን ያልኩት ላስፈራራችሁ አይደለም፣ በርገርም እወዳለሁ።

የኖን ካፌ ችግር የብሩ ማነስ ብቻ አይደለም። ብሩ በአንድ ቀን ገብቶ በሠላሳ ቀን መበላት ያለበት መሆኑ ነው። ብር የገባ ሰሞን ግቢው በር ላይ ያለውን ሰልፍ ታውቁታላችሁ፤ ጭማቂ ቤቱ ሙሉ፣ እርጥብ ቤቱ ሙሉ፣ ባጃጅ የማይሳፈር የለም። በሦስተኛው ሳምንት ያው ሁሉ ሰው ቺስታ ሆኖ ዶርም ውስጥ ዳቦ በሻይ ሲገምጥ ይገኛል፣ "አንድ መቶ ብር ላክልኝ እስኪ፣ ሲገባልኝ እመልሳለሁ" የሚል መልእክትም ይጀመራል። ኮንትራት ይሄን ነው የሚዘጋው። ብሩ በገባበት ቀን ለምግብ ቤቱ ባለቤት ለማዘር ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ብትፈልጉም ልታባክኑት አትችሉም። ራስን መግዛት የሚባለውን ነገር ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው፤ በእኔ አስተያየት ደግሞ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የገንዘብ አያያዝ ዘዴ የለም።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ማዘር ቤት ምሳና እራት በወር 2,400 ብር ነው። 30 ቀን፣ 60 ምግብ፣ አንዱ በ40 ብር ይወድቃል። ያለ ኮንትራት ስትበሉ እዚያው ቤት ሽሮ 60 ብር፣ በያይነት 70 ብር ነው። ሁሌም ርካሹን ሽሮ ብቻ ብትበሉ እንኳ 60 ምግብ 3,600 ብር ይመጣል። ስለዚህ ኮንትራቱ በወር 1,200 ብር ያተርፍላችኋል፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ ያለ ኮንትራት ቀድሞውኑ 3 ሺህ ብራችሁ ወሩን አይደርስም ነበር። ከ3 ሺህ ላይ የሚተርፈው 600 ብር ለቁርስ ነው። በቀን 20 ብር። አንድ ሻይ፣ አንድ ዳቦ። ያለ ቅቤ፣ ያለ ማርማላታ፣ ያለ ወሬ።

ቆይ ግን። ያ 1,200 ብር የሚገኘው ሁሉንም ከበላችሁ ነው። 2,400ን ለአንድ ሽሮ ዋጋ፣ ለ60 ብር፣ ስታካፍሉት 40 ይመጣል፣ ማለትም በወር 40 ምግብ ከበላችሁ ከሽሮው ጋር እኩል ወጣችሁ፣ ከ40 በታች ከሆነ ከሰራችሁ። እስኪ በየሳምንቱ መጨረሻ አክስቱ ቤት የሚሄደውን ልጅ እንውሰድ። ዓርብ እራት፣ ቅዳሜ ሁለት፣ እሁድ ሁለት፣ አምስት ምግብ ቀረበት። በአራት ሳምንት 20። ልክ ድንበሩ ላይ ነው፣ ትርፉ ዜሮ። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ማዘር ቤት የምሳ ብቻ ኮንትራት አላት፣ 1,300 ብር። ምሳ ብቻው ከሙሉው ግማሽ በ100 ብር ይበልጣል፣ እራት ቤት ውስጥ የሚበላው በብዛት ያነሰ ስለሆነ ይመስለኛል። ከተማው ውስጥ ዘመድ ያላችሁ ልጆች ሙሉውን አትውሰዱ።

ጠዋት የማትነሱም አስቡበት። ቁርስ የማይበላ ሰው ምሳ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ለእሱ ኮንትራት ወርቅ ነው። እዚህ ጋ የጭማሪው ጉዳይ ይመጣል፣ ይሄ ደግሞ ከዋጋው እኩል መታየት ያለበት ነገር ነው። አንዳንድ ቤት ዋጋው ዝቅ ያለ ይመስላችኋል፣ ገብታችሁ ስትቀመጡ ግን አንድ ቀጭን እንጀራ ይመጣና ጭማሪ ስትሉ "15 ብር" ትባላላችሁ። በቀን ሁለት ጊዜ 15 ብር፣ በወር 900 ብር። ሌላ ኮንትራት እኮ ነው! ማዘር ቤት ምሳ ላይ አንድ እንጀራ ጭማሪ በነፃ ነው። እራት ላይ መጠየቅ አለባችሁ፣ ከተጠየቀች ትሰጣለች። ሽሮ ከሆነ ወጡም ይጨመራል። ምስርና አልጫ አይጨመርም፣ አትጠይቁ፣ ፊቷ ይቀየራል።

ደብተሩን ሳላነሳ አላልፍም። መግቢያው ላይ ልጅቷ ትቀመጣለች፣ የማዘር ታናሽ ልጅ ናት፣ ዘጠነኛ ክፍል ትሆናለች። ፊት ለፊቷ ባለካሬ ትልቅ ደብተር አለ። ለእያንዳንዱ ኮንትራት አንድ ገጽ። በግራ ከ1 እስከ 30 ቁጥር፣ ከላይ "ም" እና "እ"። ምሳ ስትበሉ በሰማያዊ፣ እራት ስትበሉ በቀይ ምልክት ታደርጋለች፣ እናንተ አጠገቡ ትፈርማላችሁ። ስትፈርሙ ትናንትን ተመልከቱ፤ ያልበላችሁት ቀን ላይ ምልክት ካለ እዚያው ተናገሩ፣ ወር ሲያልቅ የሚነሳ ክርክር ማንንም አይጠቅምም። የማዘር አንድ ትልቅ ጥሩ ነገር ግን ይሄ ነው፦ ከቀኑ በፊት ማታ ላይ "ማዘር፣ ነገ የለሁም" ካላችኋት በዚያ ቀን ሁለቱም ቦታ ላይ መስመር ታሰምራለች፣ ቀኑ ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። እስከ አምስት ቀን። ከዚያ በላይ አትቀበልም። ሳትናገሩ ከቀራችሁ ግን እንደበላችሁ ይቆጠራል፤ ወጡ ተሠርቷል፣ ትክክል ናት። ከታመማችሁ ጓደኛችሁ ምሳ ዕቃ ይዞ መጥቶ ሊወስድላችሁ ይችላል፣ ሞልታ ነው የምትሰጠው። አጠገቧ ያሉት ቤቶች ይሄን አያደርጉም።

ምግቡስ? ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ፓስታ በአትክልት፣ ረቡዕና ዓርብ ለሁሉም ሰው ጾም፣ ሐሙስ ማታ እንቁላል፣ እሁድ ምሳ ቀይ ወጥ። ቀይ ወጡ ውስጥ ሥጋ አለ ይባላል። እኔም አግኝቼ አውቃለሁ። ፈልጎ ማግኘቱ የተመጋቢው ሥራ ነው። ሽሮዋ ግን የምር ሽሮ ነው። በትንንሽ ሸክላ እየተንተከተከ ነው የሚቀርበው፣ ከላይ ስንግ ቃሪያ አለበት፣ ቃሪያው ውስጥ ያለው ሽንኩርት ደግሞ የዕለቱ ነው። እንጀራው ከጤፍ ጋር ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ነው፣ ማዘርም አትደብቅም፣ "ንጹሕ ጤፍ በዚህ ዋጋ ከየት አመጣለሁ ልጄ" ትላለች። ፓስታው የሚወራለት አይደለም፣ ይበላል።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ምሳ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ነው ትላለች፣ ግን ሰባት ተኩል ካለፈ ወጡ ይቀጥናል። ከላይ ውሃ እንደሚጨመር ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም። ክላስ የሚያስመሽባችሁ ከሆነ ለልጅቷ ነግራችሁ ሰሐን አስቀምጡ፣ ተሸፍኖ ይጠብቃችኋል፣ ይቀዘቅዛል እንጂ አይቀጥንም።

በጾም ጊዜ አንድ ቅሬታ አለኝ። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ እንቁላልም ቀይ ወጥም የለም፣ ዋጋው ግን ያው ነው። ጠይቄያት ነበር። ዘይትና ሽንኩርት በጾም እንደሚወደድ ነገረችኝ፣ እውነት ነው፣ ግን ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን አትክልቱ ቢበዛ ምን ነበረበት። የሙስሊም ልጆቹ አያያዝ ግን የሚያስመሰግን ነው። በረመዳን ምሳቸው ወደ ስሑር ይቀየራል፣ ማታ ላይ በምሳ ዕቃ ይወስዱታል፣ ለማፍጠሪያ ደግሞ ሾርባና ሳምቡሳ ሳይከፍሉ ይሰጣቸዋል።

ስለ ዋጋ ጭማሪ ልናገር፣ ምክንያቱም ቤት የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዘይቱ፣ ፓስታው፣ ሁሉም ነገር ጣራ ነካ። የዚያን ሰሞን ብዙ ምግብ ቤት ሁለት ዓይነት ነገር ነው ያደረገው፤ ወይ ዋጋ በወሩ መሀል ጨመረ፣ ወይ ዋጋውን እንዳለ ትቶ ሰሐኑን አሳነሰ። ማዘር ሁለቱንም አላደረገችም። ወሩ እስኪያልቅ በድሮው ዋጋ አበላች፣ ቀጣዩ ወር ሊገባ ሳምንት ሲቀረው አዲሱን ዋጋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ያኮረፈ ወጣ፣ የቀረው ቀረ። ለሚከፈል ብር እንዲህ ዓይነት ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

የማልወደው ነገር አንደኛ፣ ብር አይመለስም። ዊዝድሮው ብታደርጉም (ትምህርት ብታቋርጡም)፣ ትምህርት በድንገት ቢዘጋም፣ የቀረው ቀን ይተላለፋል እንጂ በእጃችሁ አይመጣም። ስለዚህ የሴሚስተሩ የመጨረሻ ወር ላይ ሙሉ ኮንትራት መክፈል ሞኝነት ነው፤ የፈተና ፕሮግራም ሲወጣ ቀኑን ቆጥራችሁ የግማሽ ወር ክፈሉ፣ 1,250 ብር ነው። ሁለተኛ፣ ማታ ኳስ ካለ በቃ፣ መቀመጫ አይገኝም፣ እራት ያልበሉ ልጆች ቆመው የማንቼና የአርሴ ደጋፊ ሲሰዳደብ ይሰማሉ። ሦስተኛ፣ የእጅ መታጠቢያው ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይቀርባል፣ ጀሪካኑ ደግሞ ሁሌ ባዶ ነው።

አደጋውንም ማወቅ አለባችሁ። ኮንትራት ማለት ያልበላችሁትን ምግብ ቀድማችሁ መክፈል ነው። ሌላ በር አካባቢ የነበረ አንድ ቤት ከተማሪ የሴሚስተር ክፍያ "በቅናሽ" ከሰበሰበ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላው ቁልፍ ተቆልፎ ተገኘ፤ ልጆቹ የሚከሱበት ወረቀት እንኳ አልነበራቸውም። የትኛውም ቤት ቢሆን፣ ማዘር ቤትም ብትሆን፣ ከአንድ ወር በላይ አትክፈሉ። አዲስ ከሆናችሁ መጀመሪያ ግማሽ ወር ሞክሩ። ደግሞ በእጅ ብር አትስጡ። በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩና ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ "የጥቅምት ኮንትራት" ብላችሁ ጻፉ። የሚመጣው መልእክት ደረሰኛችሁ ነው፣ አታጥፉት።

ቴሌብር ካነሳሁ አይቀር፣ "ኮንትራት ለምን፣ ስልኬ ላይ ሰንዱቅ አለ፣ ራሴ እቆጥባለሁ" የሚል ልጅ ሁሌ አይጠፋም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ለተማሪ ብዙ ነገር አቅልሏል፣ ከቤት ብር ለመቀበል የሚሰለፍ ሰው ቀርቷል። ከዳሸን ባንክ ጋር የመጡት አገልግሎቶችም፣ ለመቆጠብ ሰንዱቅ፣ ለመበደር መላ፣ ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላው እንደኪሴ፣ ሥራቸውን ይሠራሉ። ግን አስቡት። ሰንዱቅ ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ብር እርጥብ ሲሸታችሁ ተኝታችሁ ታወጡታላችሁ። ብድሩ ደግሞ በነፃ አይደለም፣ ክፍያ አለው፣ ለምግብ የተበደረ ሰው ቀጣዩ ወር ሲገባ ገና ሳይበላ ዕዳ ላይ ነው። ማዘር ጋ የተቀመጠ ብር በምንም ጣት አይነካም።

ስለ ስልክና ስለ ተማሪ ከተወራ መጋቢት 7 ቀን 2016 ሌሊት ሳይነሳ አይቀርም። የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ከሌለው ሒሳብ ብር ሲያወጣ ያደረ ጊዜ፣ ግቢዎች ውስጥ ያሉ ኤቲኤሞች ጋ የነበረው ሰልፍ! በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች "መልሱ" የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ፣ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ፎቶ ሳይቀር አወጣ። ከኮንትራት ጋር ምን አገናኘው ካላችሁኝ፣ ያን ጊዜ ማዘር በሳምንቱ ደብተሯን ዘግታ "የእናንተ ያልሆነ ብር ቤቴ አይግባ" ብላ ቅድመ ክፍያ መቀበል አቁማ ነበር፣ ነገሩ እስኪጣራ። ሰዉ ሳቀባት። እኔ ግን ብሬን እሷ ጋ ማስቀመጥ የማልፈራው ከዚያ ወዲህ ነው።

የዶርም ዕቁብስ? ዕቁብ ጥሩ ነው፣ ግን ከኖን ካፌ ብር ላይ አይወጣም፣ የተረፈችው 600 ብር ለቁርስ ናት። ከቤት የሚላክ ካላችሁ፣ ወይም ቲቶር እያስጠናችሁ የምታገኟት ነገር ካለች፣ በእሷ ዕቁብ ግቡ። ለጫማ፣ ለላፕቶፕ ቻርጀር፣ ለሪሰርች ማሳተሚያ ትሆናለች። ለምግብ ኮንትራት፣ ለዕቃ ዕቁብ፤ ሁለቱን አታደባልቁ።

ካፌ ይሻላል የሚሉም አሉ። ጨጓራችሁ ከቻለውና ሰልፉን ከታገሣችሁ፣ ከቤት ምንም የማይላክላችሁ ከሆነ፣ አዎ ካፌ ይሻላል፣ ቁርስንም ይጨምራል፣ ብሩንም የምታጠፉበት ዕድል የለም። ኖን ካፌ የምትሆኑት በሕክምና ምክንያት፣ ወይ ሰዓታችሁ ከካፌ ሰዓት ጋር ስለማይገጥም፣ ወይ ምግቡ አልስማማችሁ ሲል ከሆነ ነው ማዘር የምታስፈልጋችሁ። በርገር ለመብላት ብቻ ኖን ካፌ የሚሞላ ፍሬሽማን ካለ ግን ቅጹን አሁኑኑ ይመልስ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለምግቡ ከ10 ሰባት፣ ለሒሳቡ ዘጠኝ፣ ለጀሪካኑ ሁለት።

መመዝገብ ለምትፈልጉ፣ አዲስ ሰው የምትቀበለው ከወሩ 1 እስከ 5 ባሉት ቀናት ብቻ ነው። ደብተሩ 80 ገጽ ነው፣ 80 ሰው ከሞላ ትመልሳለች፣ ብትለምኗትም አትጨምርም። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሂዱ፣ ሽንኩርት እየላጠች ታገኟታላችሁ፣ ያን ጊዜ ለማውራት ሰዓት አላት። መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ልጅቷ የመታወቂያ ቁጥራችሁን ገጹ ላይ ትጽፋለች። ምሳ ሰዓት ላይ ሄዳችሁ "ማዘር፣ ኮንትራት ፈልጌ ነበር" ካላችሁ ግን ጭልፋዋን ይዛ "ነገ ጠዋት" ነው የምትላችሁ።